የአባባ ገብሬ ደርዘን አሥራ ሦስት ነበር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ዳቦ ሰልፍ ላይ ነው። ሌላው ሰው የልጅነቱን ሲያወራ አያቱ እግር ሥር ተቀምጦ ያዳመጠውን ያነሳል፤ እኔ አያቶቼን አላውቃቸውም፣ ተረቴንም የሰማሁት ቆሜ ነው፤ አንድ እግሬን በሌላው እያከክሁ፣ ዘንቢሌን እንደ ባርኔጣ አናቴ ላይ ደፍቼ። ያኔ የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኖ የሰው አገር የመሰለኝ ሰፈር ያኔ የጭቃ ቤትና የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ የተነጠቀውን ጫማ ላውጣ ብሎ ያጎነበሰውን ደግሞ በአፍጢሙ ይደፋል። መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ የአባባ ገብሬ ዳቦ ቤት ነበር። ሰሌዳ የለው፣ ስም የለው። የሚፈልገው ሰው ጭሱን አይቶ ይመጣል።

እኔ እንግዲህ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርትና እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ ያውም ሳንጣላ። የምታውቂውን እንግሊዝኛ ቁጠሪ ብባል ብዙም አያደክመኝም። ስለ አንዲት የእንግሊዝ የቁጥር ቃል ግን ከእኔ በላይ የሚያወራ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ፤ ስለ ደርዘን። እሷን ያስተማሩኝ አባባ ገብሬ ናቸው። መጀመሪያ በተረት አስተማሩኝ፤ ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ግን ተረት አልነበረም።

በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ዳቦ የሚሸጠው በግቢ ነበር። ለአንድ ግቢ አንድ ደርዘን፣ ከዚያ በላይ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ግቢ አንድ ልጅ መርጦ ወደ ሰልፉ ይሰዳል። እኛ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ ነበርን፤ እኔና እማዬ፣ አምስት ልጆች ያሏት እትዬ በላይነሽ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊቷ እማማ ጫልቱ፣ እና ጦር ኃይሎች ጫማ የሚጠግን አንድ ሰውዬ ከነሚስቱ። የተመረጥኩት እኔ ነኝ። እግሬ ፈጣን ነበር፣ አፌ ደግሞ ከእግሬ የባሰ፤ ቦታዬን ልንጠቅ የሚል ጎረምሳ ቢመጣ በስድብ ለብልቤ ነው የምመልሰው። ዳቦው ሲመጣ ለየቤቱ ሦስት ሦስት ይደርሳል። አምስት ልጅ ላላትም ሦስት፣ ብቻቸውን ለሚኖሩትም ሦስት። እማማ ጫልቱ ከሦስቱ አንዷን በጨርቅ ጠቅልለው ለእትዬ በላይነሽ ልጆች ይልኩ ነበር፤ አሁን ሳስታውሰው ያኔ ያላስተዋልኩት ስንት ነገር ነበር እላለሁ።

አባባ ገብሬ የቀኑን የመጨረሻ ዳቦ የሚያወጡት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። መብራት ያኔ መጣሁ ብሎ የሚቀር እንግዳ ስለነበር ከበሩ ጉበን ላይ ፋኖስ ይሰቅላሉ፤ የፋኖሱ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ የትኛው ሽበት እንደሆነ፣ የትኛው ዱቄት እንደሆነ አይለይም። የምድጃውን አፍ ከፈት ባደረጉ ቁጥር ፍሙ ቦግ ብሎ ሰልፉን በሙሉ ቀይ ያደርገዋል፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዐይናችንን ያስለቅሰዋል፣ የዳቦው ሽታ ደግሞ ሆዳችንን ያስለቅሰዋል። ምድጃ ችኩል ሰው አይወድም ይሉ ነበር። ታዲያ ዳቦው እስኪበስል ሰልፉ ይገፋፋል፣ ይሰዳደባል፣ አንዳንዴም ይቧቀሳል፤ ይሄኔ አባባ ገብሬ ያንን ዳቦ የሚያወጡበትን እንደ መቅዘፊያ ያለ ረጅም እንጨታቸውን መሬት ላይ ቆም አድርገው ተረት ይጀምራሉ። አሁን ሲገባኝ፣ ለእኛ ደስታ ብለው አልነበረም፤ በራቸውን እንዳንገነጥለው ነው።

የጅቡንና የጦጣውን ተረት ማንም ያወራዋል። እሳቸው ጋ ብቻ የሚገኘው የእንግሊዞቹ ነበር። ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር አንድ ቀይ ጢም ያለው ዳቦ ጋጋሪ መጥቶ ነበር፤ አባባ ገብሬ ያኔ ጎረምሳ ነበሩና ለሰውዬው ሊጥ ሲያቦኩለት፣ እንጨት ሲፈልጡለት፣ ሙያውንም ወሬውንም ከእሱ ቀሰሙ። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ቆሞ «ዳዘን! ዳዘን!» እያለ ይጮኻል። ምን ማለቱ እንደሆነ ሲጨንቃቸው አንድ ቀን እጃቸውን ያዘና አንጓ በአንጓ ቆጠረላቸው።

«እጃችሁን ዘርጉ» ይሉናል እዚህ ላይ ሲደርሱ። ሰልፉ በሙሉ እጁን ይዘረጋል፣ ትልቁም ትንሹም። «አውራ ጣት ቆጣሪ ናት፤ ቆጣሪ ራሱን አይቆጥርም። የቀሩትን አራቱን እዩ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው። በሉ ቁጠሩ!»

እንቆጥራለን። አሥራ ሁለት።

«ይኸው። እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳችሁ የምታመጧት መስሏችኋል? እጃችሁ ላይ ናት።»

አንድ ቀን ታዴ የሚባል ከላይኛው ግቢ የሚላክ ልጅ፣ ነገር ወዳድ ነው፣ «አባባ፣ አሥር ምን ሆኖ ነው አሥራ ሁለት የሚሸጡት?» አላቸው።

«አሥር ዳቦ ለሦስት ሰው አካፍለኝ እስቲ።»

ታዴ ጣቶቹን ማየት ጀመረ።

«አየህ፣ ልትጣላ ነው። ደርዘን ግን ለሁለት ብትለው እሺ፣ ለሦስት ብትለው እሺ፣ ለአራት እሺ፣ ለስድስትም እሺ። የማያጣላ ቁጥር ነው። ለዚህ ነው ነጋዴ የሚወደው፣ ለዚህ ነው ግቢም የሚወደው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔን የሚችለኝ አልተገኘም። ቃሉን ድሮም እሰማው ነበር፤ ብርጭቆ በደርዘን፣ እርሳስ በደርዘን፣ ብዙ ወለደች ተብላ የምትታማ ሴት እንኳ «ደርዘን ልትሞላ ነው» ትባል ነበር። አሁን ግን የእኔ ቃል ሆነ። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ «አንድ ደርዘን ይስጡኝ!» እላለሁ፣ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ የሆንኩ ያህል፣ ከዚያ ውጪ የሚሸጥ ነገር እንደሌለ እያወቅሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን የዳቦ ጋጋሪውን ተረት ነበር። በድሮ ጊዜ በእንግሊዝ አገር አንድ ንጉሥ ነበር፤ ሕዝቡ ዳቦው ቀለለብን ብሎ ጮኸበት። ንጉሡም አዋጅ አስነገረ፦ ክብደቱ የጎደለ ዳቦ የሸጠ ጋጋሪ ጆሮው ከገዛ በሩ ላይ በምስማር ይቸነከራል። (ጆሮዋን አባባ ገብሬ ከራሳቸው ጨምረውባት ይሆናል፤ እኛ ግን እሷን ስንሰማ ሁላችንም ጆሮአችንን እንይዝ ነበር።) ጋጋሪዎቹ ተጨነቁ። «ሊጥ ሲገባና ዳቦ ሲወጣ አንድ አይደለም» ይላሉ አባባ ገብሬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ከፍሙ አጠገብ ያለው ውኃው ይደርቅና ይቀልላል፣ ዳር ያለው ይከብዳል። ሰው እጁን ያምናል፣ እሳትን ማን ያምናል?» ታዲያ ጋጋሪዎቹ ተሰብስበው መከሩና እንዲህ አሉ፦ ለእያንዳንዱ ደርዘን አንዲት ዳቦ እንጨምር፤ አሥራ ሁለቱ ቢቀልሉ አሥራ ሦስተኛዋ ትሞላዋለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የሁሉም ደርዘን አሥራ ሁለት ሆኖ የዳቦ ጋጋሪ ደርዘን ብቻ አሥራ ሦስት ሆኖ ቀረ።

እሳቸውም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። አሥራ ሁለት ቆጥረው ዘንቢሌ ውስጥ ይከቱና አሥራ ሦስተኛዋን ከላይ ጣል ያደርጋሉ። ይህቺኛዋ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ሳትጋገር በፊት መሐሏን በአውራ ጣታቸው ይጫኗትና ጉድጓዷ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ይነሰንሱባታል፣ ከደርዘኑ ጋር እንዳትደባለቅባቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጉዴ። እኔ ያችን ዳቦ እበላት ነበር።

በየቀኑ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ቦኖው ውኃ ድረስ ባለው መንገድ ላይ፣ ትኩሷን፣ እየነፋሁ። ቦኖው ጋ ስደርስ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ፍርፋሪዬን አራግፌ፣ አሥራ ሁለት ዳቦዬን ይዤ እንደ ደናግል ጸጥ ብዬ ግቢ እገባለሁ። ሌብነት ነው ብዬ አስቤ ብሆን መድኃኔ ዓለም ይፍረድብኝ። የተላከ ልጅ ምራቂው የራሱ ነው፤ ይሄ የትም አልተጻፈም፣ ግን ከተጻፈው ሕግ ይጠነክራል። ባለሱቅ ስኳሩን ለክቶ ሲጨርስ አንዲት ከረሜላ ቢጨምር፣ እሷን ለእናቱ ይዞ የሚገባ ልጅ እስካሁን አልተወለደም። ተረቱን ሰምቼ የለ? ሰምቻለሁ፣ ያውም በቃሌ ይዤው። ግን ተረት ተረት ነው፣ ዳቦ ዳቦ ነው፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

በዚያው ዓመት የሚመጣው ዱቄት ከፋ። ዳቦው እያነሰ፣ እየቀለለ ሄደ። እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን ሦስቱን ዳቦ እጇ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሱቅ ወስዳ አስመዘነችው፤ ጎደለ። ከሱቁ ቀጥታ ቀበሌ ሄደች። ክፉ ሴት አልነበረችም እኮ። አምስት ልጅ ሦስት ዳቦ ከብቦ ሲያይሽ ክፋት የምታስቢበት ጊዜም የለሽ።

ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ቅዳሜ ከሰዓት ተቆጣጣሪ ሚዛን ይዞ ይመጣል፣ ዳቦው ከጎደለ ምድጃው ይታሸጋል ተባለ። አባባ ገብሬ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ የሚያድሩት እዚያው ከምድጃው ጀርባ በተለሰነች አንዲት ክፍል ነው። ምድጃው ታሸገ ማለት ቤታቸውም ታሸገ ማለት ነበር። እማዬ ይህንን ለእማማ ጫልቱ ስትነግራቸው እሰማለሁ፣ እሳቸውም «ዋቃዮ! በዚህ ዕድሜያቸው የት ሊወድቁ ነው?» ሲሉ እሰማለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ከእኔ ሆድ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፤ እናቶች ከፊት፣ እኛ ተላላኪዎቹ ከጎን አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን። ተቆጣጣሪው ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ከጠዋቱ ዳቦ አሥራ ሁለት ቆጥሮ ጫነ። መርፌዋ መድረስ ካለባት ቦታ ሳትደርስ ቆመች።

«ጎድሏል» አለ።

«ጓድ፣ አሥራ ሦስተኛዋን ጨምረው ይመዝኑት እንጂ» አሉ አባባ ገብሬ። «እኔ ደርዘን የምሸጠው አሥራ ሦስት አድርጌ ነው።»

«ደርዘን አሥራ ሦስት ሆኖ ያውቃል?»

«ዳቦ ጋጋሪ ጋ ይሆናል።»

ሰዉ ሳቀ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም፤ ወደ እናቶቹ ዞሮ፣ «ከእናንተ ውስጥ አሥራ ሦስተኛ ዳቦ ደርሶኛል የሚል አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ከመሐል አንድ ድምፅ ተነሣ፤ የማን ይመስላችኋል? የእናቴ። «እኔ ሽማግሌ አላሳጣም፣ ግን ውሸትም አልናገርም። በየቀኑ የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ነው። አንድም ቀን አሥራ ሦስት ሆኖ አያውቅም።» ከእሷ በኋላ ሁሉም ተከተለ። «እኛም ግቢ አሥራ ሁለት ነው!» «እኛም ዘንድ!» እትዬ በላይነሽ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ «መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው!» አለች።

አባባ ገብሬ ከአንዷ ወደ አንዷ ይመለከቱ ነበር፣ ነገሩ ጨርሶ እንዳልገባው ሰው። ከዚያ ዐይናቸው ወደ አጥሩ መጣ። ወደ እኛ። አንድ በአንድ አዩን፣ ታዴን፣ ሌሎቹን፣ እኔን፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ላይ ነገሩ ሲገባቸው አየሁ፣ ልክ ፋኖስ ሲለኮስ መስተዋቱ ቀስ እያለ እንደሚበራው። በቃ፣ አሁን ሊናገሩ ነው አልኩ። «ልጆቹ ናቸው የበሉት» ቢሉ ይበቃቸው ነበር።

አላሉም። አንገታቸውን ደፉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና «እንግዲህ የታያችሁን አድርጉ» አሉ።

ያች ዝምታ ናት የገደለችኝ። ተቆጣጣሪው የማሸጊያውን ወረቀት ከደረት ኪሱ ሲያወጣ ከአጥሩ ወረድኩ። ታዴ ቀሚሴን ያዘኝ። «አስካለ! አብደሻል? እናትሽ ትገድልሻለች! እኛንም ታስገድይናለሽ!» አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፣ እማዬ ቁጣዋ ቀላል አልነበረም። ቀሚሴን መንጭቄ ሄድኩ። ልቤ ቆርጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የቆረጥኩበት ነገር አላስታውስም፣ ትዳሬም ሳይቀር።

«እኔ በላኋት!» አልኩ። ጮኼ ነው፣ እኔ በዝግታ መናገር አላውቅበትም።

«ምኗን?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አሥራ ሦስተኛዋን። በየቀኑ ይሰጡኛል፣ በየቀኑ መንገድ ላይ እበላታለሁ።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እማዬ፣ ድምፅዋ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ተቆጣጣሪው ቁልቁል አየኝ። «ማነው ያስጠናሽ?»

«ሆዴ።»

አሁን ሰዉ ሁሉ አውካካ፣ እሱ ግን ወረቀቱን አላስቀመጠም። «ልጅ የተባለችውን ትላለች» አለ።

«አልተባልኩም! ምልክት አላት! መሐሏ በአውራ ጣት የተጫነች ናት፣ ጉድጓዷ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ አለ። እማዬ፣ ጥቁር አዝሙድ ያለው ዳቦ አይተሽ ታውቂያለሽ? እትዬ በላይነሽ፣ አንቺስ?»

ማንም አላየም። እንዴት ያያሉ? ቦኖውን አልፋ አታውቅማ። «የማታውን ዳቦ አሁን ከምድጃ ያስወጧቸውና ይዩ!» አልኩት፣ ሕፃን ልጅ ተቆጣጣሪ ስታዝ።

አባባ ገብሬ ረጅሙን እንጨት አነሡ። የምድጃው አፍ ሲከፈት ያ ሙቀት ሁላችንንም ወደ ኋላ ገፋን። የመጀመሪያው ዝርግ መጋገሪያ ወጣ፤ አሥራ ሁለት ዳቦ ተሰልፎ፣ ዳር ላይ ደግሞ ለብቻዋ አንዲት፣ ጉድጓዷ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ። ሁለተኛው ዝርግ ወጣ፤ እንደዚያው። ሦስተኛውም። ተቆጣጣሪው አሥራ ሦስቱን ሚዛን ላይ ጫነ፤ መርፌዋ ቦታዋን አልፋ ሄደች። ከዚያ ለምርመራ ነው ብሎ ከአዝሙዷ ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ፣ ምርመራው ሳይበቃው ቀርቶ ነው መሰል ደገመ፣ ወረቀቱንም ወደ ኪሱ መለሰ።

እናቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አጥሩ ዞሩ። ወይ ጉድ! አንድም ልጅ የለ። ታዴ የተንጠለጠለባት እንጨት ብቻ ትወዛወዛለች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

እማዬ ጆሮዬን ይዛ ቤት ወሰደችኝ፤ ስለ ምስማሩ ያሰብኩት ያኔ ነው። ግን ጆሮዬም ተመልሶ ይቀዘቅዛል፣ ዱላውም ያልፋል። ያላለፈው እትዬ በላይነሽ ማታ መጥታ ያለችኝ ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «አስኩዬ፣ የምትበያት እኮ የእነ ትንሹን ጉርሻ ነበር» ብላኝ ብቻ ሄደች። እኔ እኮ ከማንም የወሰድኩ አልመሰለኝም ነበር። ያች ዳቦ የማንም አልነበረችም፤ ከላይ የተጣለች፣ ሳይቆጠር የመጣች። የማንም ያልኳት የአምስት ልጆች ሆና ተገኘች።

በማግስቱ አባባ ገብሬ ተረት አላወሩም። በሳልስቱም። ሰልፉ ተቧቀሰ፣ በሩም ሊገነጠል ደረሰ፣ እሳቸው ዝም። ተራዬ ሲደርስ «አንድ ደርዘን» ሳልል ዘንቢሌን ብቻ ዘረጋሁ። አሥራ ሁለቱን ቆጥረው ከተቱ። አሥራ ሦስተኛዋን ግን ዘንቢሉ ውስጥ አልጣሉም፤ መዳፌን ከፍተው እላዩ ላይ አስቀመጧት።

«ሁሉን በዘንቢል ትይዢያለሽ፣ ይህቺን በእጅሽ። ታደርሻታለሽ?»

«አደርሳታለሁ።»

«አልሰማሁም።»

«አደርሳታለሁ አልኩ!»

«እንዲህ በዪኛ! አንቺ ስትንሾካሾኪ እኮ የታመምሽ ነው የሚመስለኝ» አሉኝና ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ያ መንገድ ረጅም እንደነበር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዳቦዋ ትፋጃለች፤ ከአንዱ መዳፍ ወደ አንዱ አዘዋውራታለሁ፤ የአዝሙዱ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነው፣ ምራቄ ይሞላል፣ እውጠዋለሁ፣ ደግሞ ይሞላል። ቦኖው ጋ ስደርስ እግሬ በልማዱ ቆመ። «አትቆሚም!» አልኩት፣ በድምፅ፤ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ግቢ ስገባ ለእማማ ጫልቱ ሰጠኋቸው፣ እሳቸው በዕድሜ ትልቅ ስለነበሩ። አላካፈሏትም። ሙሉዋን አንሥተው ለእትዬ በላይነሽ ትንሹ ልጅ ሰጡት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም በግቢያችን አሥራ ሦስተኛዋ የልጆቹ ሆነች። እኔ እንዳልቀምሳት ለራሴ ወሰንኩ፣ እማዬ ለቅጣት ከወሰነችብኝ ጊዜም አሳልፌ።

አባባ ገብሬ በሰላም አርጅተው፣ በዚያው ቤታቸው ሆነው ነው ያረፉት። ዳቦ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን ስድስት ፎቅ ቆሞበታል፣ እታች ስልክ ይሸጥበታል። ባለፈው የታናሽ እህቴ ልጅ ሜሮን፣ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ከእኔ ጋር ተቀምጣ የእድራችንን ዕቃ ስቆጥር ስታግዘኝ ነበር፤ የእድሩ ብርጭቆና ሳህን ያለው እኔ ጋ ነው፣ በደርዘን እያሰርኩ ነው የማስቀምጠው። «አክስቴ፣ ይሄ ደርዘን የሚባለው ከየት መጣ?» አለችኝ። እኔን ብሎ መጠየቅ! ጣቴን ዘርግቼ ከአንጓው ጀመርኩላት። እሷ ደግሞ ስልኳን አውጥታ ታነባለች፦ ሥሩ ላቲን ነው፣ ሁለትና አሥር ማለት ነው፣ ፈረንሳይ አሳጥሮ ለእንግሊዝ ሰጠው፤ ወደ እኛ ሳይመጣ በፊት በሕንድና በዓረብ ነጋዴዎች አፍ ሳያልፍ አልቀረም። የአንጓዋን ነገር ግን አንዳንዶች እንደዚያ ይላሉ እንጂ እርግጡ አይታወቅም ይላል።

«ስለ ዳቦ ጋጋሪውስ? እሱንስ ይላል?» አልኳት። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አንዳንድ ማታ አባባ ገብሬ ከራሳቸው የፈጠሩት ቢሆንስ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ስልኩን ዝቅ ከፍ አደረገችው። «አለ! የዳቦ ጋጋሪ ደርዘን፣ አሥራ ሦስት። ክብደት እንዳይጎድልባቸውና እንዳይቀጡ ነው ይላል።»

እልልታዬን ለቀቅኩት። ጎረቤት ልጅ ተወለደ ብሎ ደረሰ። ስለ ጆሮው ምንም የሚል አላገኘችም፣ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኋት።

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ምንድነው ብትሉኝ፣ ቆጠራው አይደለም። «ውሰጂው፣ ትርፍ ነው፣ የማንም አይደለም» ሲሉኝ እግሬ ቀጥ ብሎ የሚቆም መሆኑ ነው። ለቅሶ ቤት የተረፈ ምግብ ይሁን፣ እድሩ የገዛው ትርፍ ሳህን ይሁን፣ መጀመሪያ ያልደረሰው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ አስቸጋሪ ሴት ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ። የተሻልኩ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ በዚህ ዕድሜዬ ስንት ድግስ በልቻለሁ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ ቦኖው ድረስ እየነፋሁ እንደበላኋት ዳቦ ግን የጣፈጠኝ ነገር የለም። ጣዕሟ አሁንም ምላሴ ላይ አለ። ለዚህ ነው የምጠነቀቀው።